ሥር የሰደደ ሕመምን በአንድ ደብተር መምራት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሰዎች የ12 ሳምንት መመሪያ

ሕመም የቆየበት ሰው ቤት፣ አልጋ ሥር አንድ ፌስታል አይጠፋም። ውስጡ የተጣጠፈ ራጅ፣ ግማሹ ተውጦ ግማሹ የቀረ ክኒን፣ ጽሑፉ የማይነበብ ማዘዣና ከወጌሻ የተገዛ ቅባት አለ። አንዱ ሐኪም ራጁን አይቷል፤ ሌላው ክኒኑን አዝዟል፤ ወጌሻው ወገቡን አሽቷል። ፌስታሉን ሙሉውን ያየ ግን የለም። ሕክምናው የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የእኔም ፌስታል ለአራት ዓመት ሲሞላ ኖሯል፤ የምጽፈውም ያንን ጊዜ እንዳትደግሙት ነው።

ከሦስት ወር በላይ የቆየ የወገብ፣ የአንገት፣ የጉልበት ወይም የነርቭ ሕመም በአንድ ሰው እጅ ብቻ እምብዛም አይያዝም። ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ)፣ ፋርማሲስት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያና የቤት ሰው ተጋግዘው ሲይዙት ነው የሚላላው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ካልጠበቁዎት የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጅዎ ያለ ደብተር።

## ከሁሉ በፊት፦ ይህን ጽሑፍ ትተው መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ነገን አይጠብቁ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

- ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ሽንት አልወጣ ካለዎት፣ ወይም መቀመጫዎና የጭንዎ ውስጠኛ ክፍል ከደነዘዘ
- እግርዎ ወይም እጅዎ ከቀን ወደ ቀን እየከዳዎት ከሆነ
- ሕመሙ የመጣው ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ከሆነ

እነዚህ ደግሞ ሳምንቱ ሳያልፍ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ክኒን እየዋጡ ማቆየት አጥንትን ያስበላል። ያልፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት የሚጠጡ ከሆነና ትኩሳቱ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ወገብንና መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሕክምናውም ማስታገሻ ሳይሆን ለሳምንታት የሚወሰድ ፀረ ተሕዋስያን ነው። ከዚህ በፊት ካንሰር ታክመው ከነበረም አይዘግዩ። (የካንሰር ሕመም ራሱን የቻለ መንገድ አለው። እዚያ ሞርፊን ተገቢ መድኃኒት ነው፤ ከታዘዘልዎ አይፍሩት።)

አንድ የድሬዳዋ ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማውን ያዳረሰው ቺኩንጉኒያ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመምን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይተዋል። የእጅዎ ጣትና ቁርጭምጭሚትዎ ሕመም ከእንዲህ ያለ ትኩሳት በኋላ የጀመረ ከሆነ ወሩን አስታውሰው ይጻፉት። ሐኪሙ ካልተነገረው ሊገምት አይችልም።

## ደረጃ 1፦ ደብተሩን ያዘጋጁ (ከሳምንት 1 እስከ 2)

ሐኪም ጋር ከመሄድዎ በፊት ሁለት ሳምንት ይውሰዱ። የሚቸኩል ሰው ይህን ደረጃ ይዘለውና ሐኪሙ ፊት ይንተባተባል።

1. አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይግዙ። ብጣሽ ወረቀት አይሆንም፤ ይጠፋል።
2. በመጀመሪያው ገጽ የሰው ቅርጽ ከፊትና ከኋላ ይሳሉ። ሥዕል አለመቻልዎ ችግር የለውም፤ የሚያመውን ቦታ ያጥቁሩ፣ የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት ያሳዩ።
3. በሁለተኛው ገጽ እስካሁን የወሰዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዘርዝሩ፤ ስሙን፣ ለስንት ቀን እንደወሰዱት፣ ምን እንዳደረገልዎና ምን እንዳደረገብዎ። ፌስታሉን ወለል ላይ ዘርግፈው ይሥሩት። ጊዜው ያለፈበትን ለይተው ወደ መድኃኒት ቤት ይመልሱ።
4. በየቀኑ ማታ አራት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ሕመሙን ከ0 እስከ 10፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ስንት ደቂቃ እንደተራመዱ፣ የወሰዱትን መድኃኒት። ጫት የሚቅሙ ከሆነ የጀመሩበትንና ያቆሙበትን ሰዓት ይጨምሩ።
5. በመጨረሻው ገጽ አንድ ግብ ይጻፉ።

ግቡ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «ሕመሜ እንዲጠፋልኝ» ብለው ከጻፉ ደብተሩ በሁለተኛው ሳምንት ይጣላል፤ ምክንያቱም አይጠፋም፤ ቢጠፋም በቀጠሮ አይደለም። እንዲህ ይጻፉ፦ «ደቻቱን ተሻግሬ ከፊራ ገበያ ደርሼ አስቤዛዬን ይዤ መመለስ»፤ «ቅዳሴ እስኪያልቅ ቤተ ክርስቲያን መቆየት»፤ «ሱጁድ ወርጄ ያለ ሰው እርዳታ መነሣት»፤ «ባጃጄን አራት ሰዓት መንዳት»። በዓይን የሚታይ፣ በደቂቃ ወይም በእርምጃ የሚለካ መሆን አለበት።

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት ወይም አባት ከሆኑ የታመሙት፣ ከቤት አንድ ልጅ ይመደብ። ሁልጊዜ ያው ልጅ ይሁን።

## ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ቃል ይምረጡ

ሐኪሙ ፊት «ኩላሊቴን ያመኛል» አይበሉ። እኔ የመጀመሪያው ቀን ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ ስድስት ወር ሽንቴን ሳስመረምር ከረምኩ። ኩላሊቴ ምንም አልነበረውም፤ ወገቤ ነበር። «ነርቭ ነው»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው»፣ «ዲስክ ተንሸራቶ ነው» ማለትም እንደዚያው ነው፤ ፍርድ እንጂ ምስክርነት አይደለም። እርስዎ ምስክር ይሁኑ፤ ፍርዱን ለሐኪሙ ይተዉለት።

አማርኛችን ለሕመም ቃል አላነሰውም፤ ይጠቀሙበት።

- ውጋት፦ ድንገት ወግቶ የሚለቅ
- ጥዝጣዜ፦ ሳይለቅ ዝግ ብሎ የሚቆይ
- ቁርጥማት፦ መገጣጠሚያና አጥንት ውስጥ የሚሰማ። ጠዋት ተነሥተው ሰውነትዎ እስኪፍታታ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ከሆነ ይህን ለይተው ይናገሩ፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ምልክት ሊሆን ይችላል።
- ማቃጠል፣ መንዘር፣ መውረር፦ በርበሬ የተቀባ ያህል፣ ኤሌክትሪክ የያዘው ያህል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል። ይህ የነርቭ ጠባይ ነው። በሁለቱም እግር መዳፍ ከጀመረ የደም ስኳር ምርመራ ይጠይቁ።
- ድንዛዜ፦ ሲነኩት የማይሰማ። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች አይናገሩትም፤ ይናገሩ።

## ደረጃ 3፦ ጤና ጣቢያ፣ ሪፈርና የሦስት ደቂቃው ንግግር (ሳምንት 3)

በጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆኑ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በራስዎ ላይ ያመጣዋል፤ የሪፈር ወረቀቱ ያስፈልግዎታል። ከድሬዳዋ ጤና ጣቢያዎች ወደ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ከሐረር ደግሞ ወደ ጁገል ወይም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስተዳድረው ሕይወት ፋና ሊላኩ ይችላሉ። ሪፈሩ ሲጻፍ የፊዚዮቴራፒና የአእምሮ ሕክምና ክፍሎቹ በየትኛው ቀን እንደሚሠሩ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከተቻለ ቀጠሮዎቹን በአንድ ቀን ያስገጥሙ። ለታመመ ወገብ እያንዳንዱ የመንገድ ቀን ዋጋ አለው።

በተመላላሽ ክፍል ወረፋው ረጅም፣ ከሐኪሙ ጋር ያለው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ንግግርዎን ቤትዎ ይለማመዱት። እንዲህ ያለ ይሁን፦

«ዶክተር፣ ከታመምኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ከወገቤ ተነሥቶ በግራ ጭኔ ጀርባ እስከ ትንሿ ጣቴ ይነዝረኛል። ሳስል ይብሳል፤ ስራመድ ቀለል ይለኛል። ዳይክሎፌናክ ሦስት ወር ወስጄ ጨጓራዬን አቃጠለኝ። የምፈልገው ከፊራ ደርሼ መመለስ ነው። ደብተሬ ይኸውና።»

ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ አደገኛ ነገር ይጠረጥራሉ? ይህን መድኃኒት እስከ መቼ ነው የምወስደው? የፊዚዮቴራፒ ሪፈር ይጽፉልኛል? በመጨረሻም ለሚቀጥለው ባለሙያ ሁለት መስመር በደብተሩ ላይ እንዲጽፉልዎ ይለምኑ። ፈቃደኛ ካልሆኑ አይከራከሩ፤ ከክፍሉ እንደወጡ ኮሪደሩ ላይ የሰሙትን ራስዎ ይጻፉ። ቤት እደርሳለሁ ካሉ ግማሹ ይረሳል።

ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ካልታዘዘልዎ አይከፉ። ምንም ከማያማቸው የ50 ዓመት ሰዎች ከ10 ስምንቱ ያህል በምስል ሲታዩ ያረጀ ዲስክ አላቸው። የአደጋ ምልክት ሳይኖር የተነሣ ምስል ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ፍርሃት ነው። ወረቀቱ ላይ «ዲስክ መንሸራተት» የሚል ካነበቡ በኋላ መታጠፍና መጎንበስ ያቆሙ፣ በዚያው የደከሙ ሰዎች አውቃለሁ። አስቀድመው ካስነሡት ግን ውጤቱን ይዘው ይሂዱ።

ሐረር ቀጠሮ ካለዎት፦ ከድሬዳዋ በደንገጎ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አይቀመጡ፤ ከጎማው በላይ ስለሆነ ያነጥራል። የተጠቀለለ ሹራብ ወይም ሽርጥ ከወገብዎ ጀርባ ያድርጉ። ሲወርዱ ቀጥታ ወደ ካርድ ክፍል ወረፋ ሳይሆን አምስት ደቂቃ ይራመዱ።

## ደረጃ 4፦ መድኃኒት

መድኃኒት የሚሰጥዎ ለመንቀሳቀስ የሚያስችል ፋታ ነው። በፋታው ካልተንቀሳቀሱ ክኒኑ ብቻውን ሩቅ አያደርስም።

1. ፓራሲታሞል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ በሁለት መጠን መካከልም ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ። ክብደትዎ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ፣ ጉበትዎን የሚያምዎ ወይም አልኮል የሚያዘወትሩ ከሆነ መጠኑ ያንሳል፤ ይጠይቁ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ ደርበው እንዳይወስዱ።

2. ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንድ ላይ አይወሰዱም። ምግብ በልተው፣ ለአጭር ጊዜ፣ በትንሹ መጠን ይውሰዱ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም የደም ግፊት ካለብዎ ያለ ሐኪም አይንኩ። ነፍሰ ጡርም እንደዚሁ። በመርፌ መወጋቱ ጨጓራን አያድንም፤ ጉዳቱ በደም በኩል ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ የራሱን ይጨምራል፦ በግንቦትና በሰኔ ላብ ሲያደርቅዎ ውኃ ሳይጠጡ እነዚህን መዋጥ ኩላሊትን ይጎዳል።

   ማስጠንቀቂያ፦ ድንገተኛ ከባድ ትኩሳት ከያዘዎ እነዚህን ሁለቱን ያቁሙና ይመርመሩ። ደንጊ የሚባለው የትንኝ ትኩሳት ከሆነ ደም ያስፈስሳሉ። እስከዚያው ፓራሲታሞል ብቻ። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ግን በራስዎ ሳያቆሙ በዚያው ቀን ሐኪሙን ይጠይቁ።

3. አሚትሪፕቲሊን። ለነርቭ ሕመም በትንሽ መጠን ማታ ይታዘዛል። የመድኃኒቱን ወረቀት ያነበበ ዘመድ «ይህ እኮ የጭንቀት ነው፤ አብደሃል ብለውህ ነው» ይልና ያስጥልዎታል። አይጣሉት። በትንሽ መጠን የሕመምን መልእክት ያለዝባል፤ እንቅልፍም ይሰጣል። ጥቅሙ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ የአፍ መድረቅና የጠዋት ድብታ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ይመጣሉ። ከመኝታ አንድና ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ከወሰዱት ጠዋት ይቀላል። ላብን ስለሚቀንስ በቀትር ፀሐይ አይሥሩ። የልብ ምት ችግር፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ወይም የሽንት መቸገር ካለብዎ ከመጀመርዎ በፊት ይናገሩ።

4. ትራማዶል። ሱስ ያስይዛል፤ ሊያንዘፈዝፍም ይችላል። ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል ትንፋሽን ያደክማል። ጎረቤት ስለሰጠዎ አይውሰዱ። ለወራት ሲወስዱ ከኖሩ ደግሞ በአንድ ቀን አያቁሙት፤ ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ያስቀንስዎት።

5. ስሙ ያልተነገረዎት መርፌ። «ወዲያው የሚያስነሣ» እየተባለ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ ነው። ያስነሣል፤ ሲደጋገም ግን ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። ስሙን ሳያስጽፉ አይወጉ።

ረመዳን ወይም ጾም ሲገባ ሳምንት ቀድመው ፋርማሲስቱ ጋር ይሂዱና የክኒኑን ሰዓት ያስተካክሉ። ባዶ ሆድ ላይ ዳይክሎፌናክ ውጦ እስከ ማታ መቆየት ሆስፒታል ያስተኛል።

## ደረጃ 5፦ እንቅስቃሴ (ከሳምንት 4 ጀምሮ)

የሁላችንም ስሕተት አንድ ነው። ቀለል ያለን ቀን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ እንሠራለን፤ ከዚያ ሦስት ቀን እንተኛለን። ሁለቱም ሕመሙን ይመግቡታል። መፍትሔው ስሌት ነው።

1. ለሦስት ቀን ሕመሙ እስኪጨምር ድረስ ተራምደው ደቂቃውን ይጻፉ። ለምሳሌ 15፣ 10፣ 20።
2. አማካዩን ያውጡ፦ 15 ደቂቃ።
3. ከአማካዩ አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ፦ 12 ደቂቃ። መነሻዎ ይህ ነው።
4. በየቀኑ 12 ደቂቃ ይራመዱ። ደህና በሆኑበት ቀን 13 አይሂዱ። ባመመዎትም ቀን 12 ይሂዱ።
5. በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ። ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ ማለትም በሳምንት 12፣ 20 ደቂቃ ይደርሳሉ።

አራተኛው ቁጥር በጣም ከባዱ ነው። ደህና በሆኑበት ቀን 12 ላይ መቆም ባመመዎት ቀን ከመራመድ ይበልጥ ይፈትናል፤ እኔን ሁለት ጊዜ ጥሎኛል።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ድሬዳዋ ውስጥ የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉና የዛፍ ጥላ ያላቸው በመሆናቸው ለጀማሪ ይመቻሉ። ሐረር የሚኖሩ ከሆነ ጀጎል ውስጥ አይጀምሩ፤ ኮረብታውና የድንጋይ ንጣፉ ለጉልበት አይራራም። ከግንቡ ውጭ ሜዳውን ይምረጡና ከአራት ሳምንት በኋላ ወደ ውስጥ ይግቡ።

ፊዚዮቴራፒስቱ የሚሰጥዎትን እንቅስቃሴ በፊቱ ሁለት ጊዜ ሠርተው ያሳዩት፤ በስልክም ይቀረጹ። የብዙ ሰው ቅሬታ «ማሸት እንጂ ስፖርት አልፈለግሁም» የሚል ነው። ማሸቱ ለሰዓታት ያላላል፤ ጡንቻ የሚያጠነክረው ግን የቤት ሥራው ነው። ቀጠሮ እስኪደርስ በዚህ ይጀምሩ፦ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ጊዜ።

የቤት ሥራ፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ሁለት ባለ 5 ሊትር በሁለት እጅ ይያዙና ይመላለሱ። ሳፋውን መሬት ላይ ሳይሆን ዱካ ላይ አስቀምጠው ይጠቡ። እንጀራ የሚጋግሩ ከሆነ በየአምስቱ እንጀራ ቀና ብለው ወደ በር ደርሰው ይመለሱ። ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ መያዝ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። ለሰጋጅም ቢሆን ሱጁድ መውረድ የማይችል ሰው በወንበር መስገዱ የተፈቀደ ነው፤ ኢማሙን ይጠይቁ።

ሕመሙ ቢጨምርስ? ከእንቅስቃሴው በኋላ የመጣ ሕመም በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ መጠኑን በአንድ አምስተኛ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ድንዛዜ ወይም መክዳት ከተጨመረ ወደ ሐኪም ይመለሱ።

## ደረጃ 6፦ እንቅልፍና ጫት

ስለ ጫት የምጽፈው ልሰብክ ብዬ አይደለም፤ ስለ ወገብ እዚህ አገር ተጽፎ ጫት ከተዘለለ ግማሹ ጉዳይ ስለቀረ ነው። ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ምርቃናው ሕመሙን ያስረሳል፤ ሰውየው ወለል ላይ በአንድ ጎኑ ተደግፎ አራት ሰዓት ሳይነሣ ይቀመጣል። የምግብ ፍላጎት ስለሌለ ዳይክሎፌናኩ ባዶ ሆድ ይወርዳል። ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ይነጋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ በማግስቱ ያንኑ ሕመም ጨምሮ ይሰማዋል። ስለዚህ ደብተርዎ ላይ የጫት ሰዓትንና የማግስቱን የሕመም ቁጥር ጎን ለጎን ያስተያዩ። የሌላ ሰው ምክር ሳያስፈልግዎ ራስዎ ያዩታል።

1. ምግብ በልተው ይጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ያቁሙ።
2. በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ይቁሙ። ስልክዎ ይጥራ፤ በርጫው ይሳቅብዎት።
3. ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣውን መጠጥ፣ ጨብሲ የሚሉትን፣ ከአሚትሪፕቲሊን ወይም ከትራማዶል ጋር በፍጹም አያገናኙ።
4. ጫትና አሚትሪፕቲሊን ሁለቱም ልብን ያስመታሉ፤ አፍ ያደርቃሉ፤ ሆድ ያደርቃሉ። መቃምዎን ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።
5. ለማቆም ከወሰኑ አዲስ መድኃኒት በጀመሩበት ሳምንት አያድርጉት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ያመጣሉ፤ ሕመሙም ይጮኻል። መድኃኒቱ ይሁን ጫቱ መለየት ያቅትዎታል።

የማይቅሙ ከሆነ ለእንቅልፍ ሁለት ነገር ይበቃል፦ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መነሣትና የቀትር እንቅልፍን ከግማሽ ሰዓት አለማሳለፍ። በድሬዳዋ ቀትር ሁለተኛውን መጠየቅ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ።

## ደረጃ 7፦ የአእምሮ ጤና ባለሙያው

«ሕመሜ ውሸት ነው ማለታቸው ነው» ብለው ሪፈሩን እንዳይቀድዱት። ሕመሙ እውነት ነው። የቆየ ሕመም ግን አንድ ጊዜ ሌባ እንደገባበት ዘበኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ፉጨት ያሰማል። የነርቭ ሥርዓቱ ጉዳት በሌለበትም ይጮኻል። ባለሙያው የሚያስተምርዎት ዘበኛውን ማረጋጋት ነው፦ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ «ሽባ ልሆን ነው» የሚለውን ሐሳብ መመርመር፣ የተዉትን ኑሮ በጥቂት በጥቂቱ መመለስ።

ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ አላሰኝ ካለዎት ይንገሩ። መሞትን ካሰቡ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለቤት ሰው ነግረው በዚያው ቀን አብረው ሆስፒታል ይሂዱ።

ቤተሰብም የሚማረው አለ። «ዛሬስ አመመህ?» የሚለውን ጥያቄ «ዛሬ ስንት ደቂቃ ሄድክ?» በሚለው ይተኩ። ከእጁ ዕቃ እየነጠቁ ማስቀመጥ ፍቅር ይመስላል፤ ሰውየውን ግን አልጋ ላይ ያስቀረዋል።

## ወጌሻ፣ ዋግምት፣ ሂጃማ

በአጭሩ። በዘይት ለስላሳ ማሸት ካቀለለልዎ ይቀጥሉ። አከርካሪን ማንቋቋትና መርገጥ ግን ቲቢ ባለበት ወይም በሳሳ አጥንት ላይ ሽባ ያደርጋል፤ ሳይመረመሩ አያስነኩ። ዋግምት ወይም ሂጃማ የሚያደርጉ ከሆነ ምላጩ አዲስ ሆኖ በፊትዎ ይከፈት። ጸበልና ዱዓ ከክኒን ጋር አይጣሉም፤ ክኒኑን አቁም የሚል ሰው ካለ ግን ደብተሩን ይዘው ሐኪሙን ይጠይቁ።

## ሲያገረሽ፦ አሁኑኑ የሚጻፍ ገጽ

ያገረሻል። ያ ቀን ሲመጣ ማሰብ ስለሚያቅት አሁን በደህናው ቀን ከደብተሩ ጀርባ ይጻፉ።

1. በመጀመሪያ የአደጋ ምልክቶቹን ያንብቡ። ካሉ ወደ ሆስፒታል።
2. ከሌሉ ለሁለት ቀን እንቅስቃሴውን በግማሽ ይቀንሱ። ዜሮ አያድርጉት፤ ሙሉ ቀን አይተኙ።
3. በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ የሚያመው ቦታ ላይ ለ15 ደቂቃ ያድርጉ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑና ቦታው የሚደነዝዝ ከሆነ አያድርጉ፤ ሳይሰማዎት ይቃጠላሉ።
4. ሐኪሙ ለእንዲህ ያለ ቀን የፈቀደውን ማስታገሻ በሰዓቱ ይውሰዱ። አዲስ መድኃኒት አይግዙ።
5. በሦስተኛው ቀን ወደ ነበሩበት ደቂቃ መመለስ ይጀምሩ።
6. ከመጀመሩ በፊት የነበሩትን ሁለት ቀናት መልሰው ያንብቡ። የረዘመ መንገድ፣ ያልተኙበት ሌሊት፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ታገኛላችሁ።

## ሳምንት 12፦ ደብተሩን ዘርግተው ይቁጠሩ

የመጀመሪያውንና የአሥራ ሁለተኛውን ሳምንት ጎን ለጎን ያድርጉ። የሕመም ቁጥሩ ከ7 ወደ 6 ብቻ ወርዶ፣ መንገዱ ግን ከ12 ደቂቃ ወደ 20 ወጥቶ ካገኙት ሕክምናው እየሠራ ነው፤ ይቀጥሉ፤ መድኃኒቱን ስለ መቀነስ ሐኪሙን ያነጋግሩ። ቁጥሩ ወርዶ መንገዱ ባለበት ከቆመ ክኒኑ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ። ሁለቱም ካልተነቃነቁ የትኛውን ደረጃ እንደዘለሉ ደብተሩ ያሳይዎታል፤ ምንም ካልዘለሉ ምርመራው እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ፤ ከአንድ ደረጃ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ። ያን ጊዜ ይዘው የሚሄዱት ፌስታሉን ሳይሆን ደብተሩን ነው።